የጥቅምት ቀለም ለመርሳ ግቢ

ሰሞኑን በውስጥ መስመር ደጋግማችሁ የጠየቃችሁኝን እዚሁ ለሁላችሁም ልመልስ። አሜሪካና ካናዳ ያሉ ዘመዶቻችሁ ቅጠሉ ቀይና ብርቱካናማ የሆነ ዛፍ ፎቶ ይልኩላችኋል፤ እናንተም «ይኼ ለመርሳ ግቢ ይሆናል ወይ? ችግኙስ ከየት ይገኛል?» ትላላችሁ። ያንን ዛፍ ተዉት። ቀለሙ ግን እዚሁ ደጃችን አለ።

የእነሱ ዛፍ ቅጠሉ የሚቀላው ቀኑ በጣም ሲያጥርና ብርዱ ሲገባ ነው። ያኔ አረንጓዴው ይፈርሳል፣ ተሸፍኖ የኖረው ቢጫ ይወጣል፣ ቀዩን ደግሞ ቅጠሉ በዚያው ሰሞን ይሠራዋል። መርሳ ከባሕር ወለል በላይ 1600 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ሞቃት አገር ናት። የዓመቱ ረጅም ቀንና አጭር ቀን ቢነጻጸሩ ልዩነታቸው አንድ ሰዓት ተኩል አይሞላም። የእኛን ዛፎች የሚቀሰቅሳቸው የዝናቡ መቆምና የአፈሩ መድረቅ ነው። ስለዚህ ችግኝ ስትመርጡ «ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25፣ በመፀው፣ ምን ይመስላል?» ብላችሁ ጠይቁ። አደይ አበባን ሁላችንም እንወደዋለን፤ ግን ወርኀ ጽጌ ሳያልቅ ይረግፋል። ከእሱ በኋላ ግቢውን ማን ይይዘዋል ነው ነገሩ።

እኔ ብትጠይቁኝ አንደኛው ብሳና ነው። ማንም በጌጥ ዛፍነት አይቆጥረውም፤ ይህ ያሳዝነኛል። ብሳና ቅጠሉን ከማራገፉ በፊት ደማቅ ብርቱካናማ ያደርገዋል። እንደ ፈረንጁ ዛፍ ሁሉም ባንዴ አይቀላም። አረንጓዴው መካከል አንዱ እዚህ፣ አንዱ እዚያ ይበራል፤ ለሳምንታትም ይቀጥላል። የወደቀውን አንሥታችሁ ገልብጡት፦ የልብ ቅርጽ ያለው ሰፊ ቅጠል ነው፣ ጀርባው ነጣ ያለ፣ ወደ ፀሐይ ሲይዙት ጅማቶቹ አንድ በአንድ የሚቆጠሩ። የረገፈው ቅጠል አፈሩን ያለማል፣ አበባውን ንብ ይወደዋል፣ ዛፉም ቶሎ ያድጋል። ዘሩ ቅባት ስላለው ብዙ አይቆይም፤ እንደተለቀመ ይዘራ። ከዛፉ ሥር በራሱ የበቀለውን ችግኝ በክረምት ከነአፈሩ ማንሣትም ይቻላል። ከቤት ግድግዳ ራቅ አድርጉት። ፍሬው ለኮሶ ይጠጣ የነበረ ኃይለኛ ነገር ነውና ልጆች እንዳይቀምሱት ተጠንቀቁ።

ሁለተኛው ክትክታ ነው። «ማገዶ አይደል እንዴ?» እንደምትሉ አውቃለሁ። ክረምቱ ሲያበቃ ግን ፍሬውን ቀርባችሁ እዩት። እንደ ወረቀት የሳሳ፣ ሁለት ሦስት ክንፍ ያለው ከረጢት ነው፤ መጀመሪያ አረንጓዴ፣ ቀጥሎ ሐምራዊ ቢጤ፣ ከዚያ ቀይ ይሆናል። ቁጥቋጦው ሙሉ በሙሉ አበባ የወረሰው ይመስላል። ቅጠሉ ሙጫ ስላለው ያብረቀርቃል፣ ፍየልም እምብዛም አትነካውም፤ ለመርሳ አጥር ከዚህ የተሻለ ምን ይፈለጋል? አንድ የሚሳት ነገር ግን አለ። ክትክታ በአብዛኛው ወንዱና ሴቷ ለየብቻ ናቸው፤ ቀለም ያለው ፍሬ የሚይዙት ሴቶቹ ብቻ ናቸው። አንድ ችግኝ ተክሎ ወንድ ከሆነ ዕድሜ ልክ አረንጓዴ ነው። ስለዚህ ተጠጋግተው የሚያድጉ ብዙ ችግኞች ትከሉ፣ ሲያፈሩ ወንዶቹን አሳሱ። ሁሉንም ግን አትንቀሉ፤ ሴቶቹ ያለ ወንድ አያፈሩም። ዘሩ ልባሱ ጠንካራ ስለሆነ ሙቅ ውኃ አፍስሳችሁበት ይደር፣ በማግሥቱ ዝሩት።

ወደ ቆላው ወረድ ላላችሁ ደግሞ ወይባ አለላችሁ። የወይባ ጢስ የማያውቅ የወሎ ቤት የለም፤ ለጢሱ ሲባል ስንቱ እንደተቆረጠም ታውቃላችሁ። ዛፉ ቁሞ ሲታይ ግን ሌላ ነው፦ ቅጠሉ ከመርገፉ በፊት ይቀላል፣ ክንፋሙ ፍሬም ወደ ቀይ ወይን ጠጅ ያደላል። ዘሩ ለመብቀል አስቸጋሪ ነው፣ ትዕግሥት ይጠይቃል። ቢሆንም ግቢው ሰፊ የሆነ ሰው አንድ ወይባ ቢተክል ደስታዬ ነው፤ በዱር ያለውን ከመጥረቢያ ማዳን የሚቻለው እንደዚህ ነውና።

ድንጋያማ ጥግ ካላችሁ እምቧጮን አትናቁት። ልጅ ሆነን ግንዱን ልጠን የምናኝከው ያ ጎምዛዛ ቁጥቋጦ ከዝናብ በኋላ ፍሬው ሮዝና ቀይ ሆኖ ይንዠረገጋል፤ ውኃም አይጠይቅም። ዋንዛ በዚሁ ወቅት ነጭ አበባውን ያወጣል፣ ለንብ ቀፎ ላለው ሰው የግድ ነው። ኮርች ደግሞ በጋው ገፋ ሲል ቅጠሉን አራግፎ በባዶ ቅርንጫፍ ላይ በቀይ አበባ ይወጣል፤ ከቅርንጫፉ ቆርጦ በመትከል ይበቅላል።

ቡጌንቪላና ጃካራንዳ ከደቡብ አሜሪካ፣ የድሬዳዋ ዛፍ ከማዳጋስካር የመጡ ናቸው። ያላችሁ ንቀሉ አልልም፣ ያምራሉ። የወፍ ቆሎን ግን ለአበባው ብላችሁ ለአጥር እንዳትተክሉ እለምናችኋለሁ። ወፍ ፍሬውን በልታ በየተራራው ትዘራዋለች፤ የግጦሽ መሬትን እንዴት እንደሚውጥ በዓይናችን ያየነው ነው።

አሁን ወደ ሥራው። ችግኝ ጣቢያ ሄዳችሁ ስሙን ብቻ ነግራችሁ አትግዙ። ብሳና ሁሉ እኩል አይቀላም፣ ክትክታም እንዲሁ። በጥቅምትና በኅዳር ወደ ተራራው ወጣ በሉ፣ ከሁሉ ደምቆ ያያችሁትን ዛፍ ቅርንጫፉ ላይ ጨርቅ እሰሩበት፣ ዘሩ ሲደርስ ከዚያው ልቀሙ። ባለ መሬቱን ማስፈቀድ እንዳይረሳ። ስሙ ላይ ካልተስማማችሁ የአዘነ በቀለ ተሰማ የኢትዮጵያ ዛፎች መጽሐፍ የየአካባቢውን መጠሪያ ከነሥዕሉ ይዟል። እኛ አባሎ የምንለውን ዛፍ ጎረቤት ወረዳ ሌላ ሲለው ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁና መጽሐፉ ያስታርቃል። ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከልም ቅርባችን ነው፤ ባለሙያ ማነጋገር የምትፈልጉ አብሽሩ፣ ሩቅ አይደለም።

የጉድጓዱን አፈር በሰኔ አዘጋጁ፣ ችግኙን ሐምሌ ላይ መሬቱ ጠጥቶ ሲጠግብ ትከሉ። የበልጉ ዝናብ አንድ ዓመት መጥቶ አንድ ዓመት ስለሚቀር በመጀመሪያው በጋ ውኃ አትንፈጉት፤ ሥሩን በደረቅ ሣር ሸፍኑለት። ሁለተኛውን ክረምት ካለፈ በኋላ ግን ውኃውን ቀንሱ። በመፀው አዘውትራችሁ ካጠጣችሁት ቅጠሉን ለማራገፍ አይቸኩልም፣ የምትጠብቁት ቀለምም ይዘገያል።