የሙዚቃ መመሪያ በወግ አጥባቂ ክርስቲያን ኮሌጆች

በወግ አጥባቂ ክርስቲያን ኮሌጆች የሚሠራበት የሙዚቃ መመሪያ ተማሪዎች የትኛውን ሙዚቃ ማዳመጥ፣ መጫወትና በአምልኮ ጊዜ መጠቀም እንደሚፈቀድላቸው የሚወስን የተቋም ደንብ ነው። እንዲህ ያለው ደንብ በብዛት የሚታወቀው በአሜሪካ በሚገኙ የፕሮቴስታንት ኮሌጆች፣ በተለይም ራሳቸውን ፈንዳሜንታሊስት ብለው በሚጠሩት ዘንድ ነው። ሮክ፣ ራፕና ጃዝ ብዙ ጊዜ ከተከለከሉት መካከል ይጠቀሳሉ። በአንዳንድ ኮሌጆች ግጥማቸው ስለ ኢየሱስ ክርስቶስ የሆነ፣ ነገር ግን በሮክ ወይም በፖፕ ስልት የተቀነባበሩ መዝሙሮችም በክልከላው ውስጥ ይገባሉ።

ስለዚህ የክርክሩ ዋና ጥያቄ «ግጥሙ ምን ይላል?» የሚለው ብቻ አይደለም። ቃል የሌለው ድምፅ ራሱ፣ ማለትም ዜማው፣ ምቱና የመሣሪያው አጨዋወት፣ መልካም ወይም ክፉ ሊባል ይችላል ወይ የሚለው ነው።

ታሪካዊ መነሻ

በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ስለ ሙዚቃ መጨነቅ ከሮክ ሙዚቃ በብዙ መቶ ዓመታት ይቀድማል። አውግስጢኖስ «ኑዛዜ» በተባለው መጽሐፉ የዝማሬው ጣዕም ከቃሉ ይልቅ ልቡን እንዳይስበው መስጋቱን ጽፏል። በ16ኛው ክፍለ ዘመን የተነሡት የፕሮቴስታንት ተሐድሶ መሪዎችም በዚህ ጉዳይ አልተስማሙም። ማርቲን ሉተር ሙዚቃን ከእግዚአብሔር ስጦታዎች እንደ ታላቁ ቆጥሮ ለጉባኤው መዝሙሮችን ደረሰ። ኡልሪክ ዝዊንግሊ በዙሪክ ኦርጋኑን ከአምልኮ አስወጣ። ዦን ካልቪን ደግሞ በጉባኤ የሚዘመሩት በዋነኛነት የዳዊት መዝሙሮች እንዲሆኑ፣ ያለ መሣሪያም እንዲዘመሩ አደረገ፤ የጄኔቫው መዝሙረ ዳዊትም እ.ኤ.አ. በ1562 ተጠናቀቀ።

ዛሬ በወግ አጥባቂ ኮሌጆች እንደ ጥንታዊ ቅርስ የሚጠበቁት መዝሙሮች በጊዜያቸው አዲስ ነበሩ። እንግሊዛዊው አይዛክ ዋትስ እ.ኤ.አ. በ1707 የራሱን ድርሰቶች ሲያሳትም፣ ከመጽሐፍ ቅዱስ ውጭ በሰው የተደረሰ ግጥም በቤተ ክርስቲያን መዘመር የለበትም የሚሉ ብዙዎች ነበሩ። የአዲሱ መዝሙር ደጋፊዎች እስካሁን ይህን ታሪክ በማስረጃነት ያቀርባሉ።

የሮክ ሙዚቃ መምጣት

የዛሬዎቹ ደንቦች ቅርፅ የያዙት ከ1950ዎቹ በኋላ፣ ሮክ በአሜሪካ ወጣቶች ዘንድ ሲስፋፋ ነው። በ1960ዎቹ ሰባኪዎችና ጸሐፊዎች ሙዚቃውን ከዝሙት፣ ከአደንዛዥ ዕፅና ለወላጅ ካለመታዘዝ ጋር አያያዙት። ዴቪድ ኖብል እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተመው ጽሑፍ ቢትልስ የተባለውን የእንግሊዝ ባንድ ከኮሚኒዝም ጋር እስከ ማገናኘት ደርሷል። ቦብ ላርሰን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1967 ሮክን የሰይጣን ማዘናጊያ አድርጎ የሚያቀርብ መጽሐፍ አወጣ።

በዚያው ዘመን ማብቂያ በካሊፎርኒያ የተቀሰቀሰው «የኢየሱስ እንቅስቃሴ» ነገሩን አወሳሰበው። ከሂፒ ኑሮ ወደ ክርስትና የመጡ ወጣቶች ጊታራቸውን ይዘው ገቡ። የላሪ ኖርማን የመጀመሪያ ብቸኛ አልበም እ.ኤ.አ. በ1969 ሲወጣ ሮክና ወንጌል በአንድ ሸክላ ላይ ተገናኙ። እ.ኤ.አ. በ1972 በዳላስ ከተማ በተካሄደው ኤክስፕሎ 72 የተባለ ጉባኤ ላይም ቢሊ ግራሃም ሲሰብኩ የዚህ ዓይነት ሙዚቀኞች ዘምረዋል። ለብዙ አብያተ ክርስቲያናት ይህ ወጣቱን የመድረስ መንገድ ሆኖ ታየ። ለፈንዳሜንታሊስቶቹ ግን ዓለም ወደ መቅደስ የገባበት በር ነበር። ከዚያ በኋላ የአንድ ኮሌጅ የሙዚቃ አቋም ኮሌጁ ከየትኛው ወገን እንደሆነ መለያ እየሆነ መጣ።

የመመሪያው መከራከሪያዎች

ደንቡን የሚደግፉ ወገኖች የሚያቀርቧቸው ምክንያቶች በአራት ሊከፈሉ ይችላሉ።

አንደኛው ሙዚቃ በራሱ ትርጉም አለው የሚል ነው። ሰልፈኛን የሚያስረግጥ ዜማና ሕፃን የሚያስተኛ ዜማ ያለ ቃልም ይለያያሉ፤ ስለዚህ ድምፅ ስሜትን ያስተላልፋል፣ ስሜት ደግሞ ንጹሕ ወይም ርኩስ ሊሆን ይችላል ይላሉ። ዳዊት በበገናው ሳኦልን ማረጋጋቱ (1 ሳሙኤል 16) በዚህ ረገድ ይጠቀሳል።

ሁለተኛው ምትን ይመለከታል። በአራት ምት በሚቆጠር ሙዚቃ ውስጥ ብርታቱ በተለምዶ በአንደኛውና በሦስተኛው ምት ላይ ያርፋል። ሮክ ግን በከበሮ ሁለተኛውንና አራተኛውን አጉልቶ ይመታል። ተቺዎቹ ይህ አመታት ከአእምሮ ይልቅ ሥጋን ያነሣሣል፣ ዜማውንና ቃሉንም ይሸፍናል ይላሉ።

ሦስተኛው የሙዚቃው ግንኙነት ነው። አንድ ስልት በጭፈራ ቤትና በስካር መካከል ካደገ፣ ሲሰማ ያንኑ ሕይወት ያስታውሳል፤ ከዚያ ሕይወት ለወጣ ሰውም ማሰናከያ ይሆናል የሚል ነው። ሮሜ 14 እና 1 ቆሮንቶስ 8 ለዚህ ይጠቀሳሉ።

አራተኛው ከዓለም መለየት የሚለው ትምህርት ነው። ፈንዳሜንታሊስቶች አለባበስን፣ መዝናኛንና ሙዚቃን የዚህ መለየት ምልክቶች አድርገው ይመለከታሉ።

እነዚህን ሐሳቦች በማስፋፋት ረገድ ፍራንክ ጋርሎክ በሰፊው ይታወቃሉ። ጋርሎክ በቦብ ጆንስ ዩኒቨርሲቲ ሙዚቃ ያስተማሩ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1973 ከባለቤታቸው ጋር ማጀስቲ ሚዩዚክ የተባለውን የመዝሙር አሳታሚ ድርጅት መሥርተዋል።

አሠራሩ

ደንቡ በአብዛኛው በተማሪዎች መመሪያ መጽሐፍ ውስጥ ይሰፍራል፤ ተማሪውም ሲመዘገብ እንደሚያከብረው ይስማማል። ደንቡ የሚሠራው በጸሎት ቤት ብቻ ሳይሆን በማደሪያ ክፍልና በመኪና ውስጥም ጭምር ሊሆን ይችላል። በአንዳንድ ኮሌጆች ጥፋት በነጥብ ይያዛል። ነጥቡ ሲጠራቀም ተማሪው መብቶቹን ያጣል፤ ከተወሰነ መጠን ካለፈ ከትምህርት ገበታ ሊሰናበት ይችላል። በመሆኑም ጉዳዩ ለተማሪው የጣዕም ምርጫ ብቻ አይደለም፤ የከፈለበት ትምህርትና ዲግሪ አብሮ ይያዛል።

ካሴትና ሲዲ በነበሩበት ጊዜ የማደሪያ ኃላፊዎች ተማሪው ያመጣውን ሙዚቃ አይተው መፍቀድ ወይም ማስቀመጥ ይችሉ ነበር። ሙዚቃ በስልክና በጆሮ ማዳመጫ በሚሰማበት ዘመን ግን እንዲህ ያለው ፍተሻ አስቸጋሪ ሆኗል። የኮሌጁን የኢንተርኔት መስመር ማጣራት ቢቻልም፣ ተማሪው በራሱ የሞባይል ዳታ ሲጠቀም ማጣሪያው አይደርስበትም። በዚህ ምክንያት ክብደቱ ቀስ በቀስ ከቁጥጥር ወደ ተማሪው ሕሊና ተሸጋግሯል።

የተቋማት ምሳሌዎች

ቦብ ጆንስ ዩኒቨርሲቲ፦ እ.ኤ.አ. በ1927 በፍሎሪዳ በሰባኪው ቦብ ጆንስ ተመሠረተ፤ እ.ኤ.አ. በ1933 ወደ ቴኔሲ፣ እ.ኤ.አ. በ1947 ደግሞ አሁን ወደሚገኝበት ግሪንቪል፣ ሳውዝ ካሮላይና ተዛወረ። ተቋሙ ለረጅም ጊዜ ሮክን፣ ጃዝን፣ ካንትሪንና ዘመናዊውን የክርስቲያን ሙዚቃ ሲከለክል ኖሯል። ይህም ሆኖ ጥበብን በጅምላ የሚሸሽ ተቋም አይደለም። በመድረኩ ኦፔራና የሼክስፒር ተውኔቶች ይቀርባሉ፤ ትልቅ የሃይማኖታዊ ሥዕል ስብስብም አለው። የኦፔራ ታሪኮች ግድያና ክህደት የበዛባቸው በመሆናቸው፣ ክልከላው ከሥነ ምግባር ይልቅ የባህል ምርጫን ያንጸባርቃል የሚሉ ተቺዎች ይህን ያነሣሉ። ደጋፊዎቹ በበኩላቸው ክፋትን እንደ ክፋት ማሳየትና ክፋትን ማወደስ አንድ አይደሉም ብለው ይመልሳሉ።

ፔንሳኮላ ክርስቲያን ኮሌጅ፦ እ.ኤ.አ. በ1974 በፍሎሪዳ በአርሊን እና ቤካ ሆርተን ተመሠረተ። በጥብቅ የተማሪ ሥነ ሥርዓት የታወቀ ሲሆን፣ የሙዚቃ ደንቡም የዚሁ አካል ነው።

ሃርዲንግ ዩኒቨርሲቲ፦ በአርካንሶ የሚገኘው ይህ ተቋም ከቸርችስ ኦፍ ክራይስት አብያተ ክርስቲያናት ጋር የተያያዘ ነው። በእነዚህ አብያተ ክርስቲያናት ልማድ ጥያቄው ስለ ስልት ሳይሆን ስለ መሣሪያ ነው፤ አዲስ ኪዳን በአምልኮ መዘመርን እንጂ መሣሪያን አላዘዘም በሚል ጉባኤው በድምፅ ብቻ ይዘምራል። ክልከላው የአምልኮ እንጂ የመሣሪያ ሙዚቃን ሁሉ ክፉ የሚያደርግ አይደለም።

የአድቬንቲስት ተቋማት፦ የሰባተኛ ቀን አድቬንቲስት ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ1972 ያወጣችው የሙዚቃ መመሪያ ሮክንና ጃዝን በስም ጠቅሶ አይስማሙም ብሏል። እ.ኤ.አ. በ2004 የጸደቀው የሙዚቃ ፍልስፍና ሰነድ ግን ይበልጥ በመርሆች ላይ ያተኩራል፤ የተለያዩ ሕዝቦች ባህል ለአምልኮ የሚያበረክተውን ድርሻም ይቀበላል።

ሊበርቲ ዩኒቨርሲቲ፦ ጄሪ ፋልዌል እ.ኤ.አ. በ1971 በቨርጂኒያ ሲመሠርቱት ከጥብቆቹ ወገን ነበር። በ1980ዎቹ መጨረሻ ግን ራፕና ሮክን የቀላቀለው ዲሲ ቶክ የተባለ የክርስቲያን ቡድን ከዚሁ ግቢ ተማሪዎች መካከል ወጣ። ዛሬ ዩኒቨርሲቲው ዘመናዊ የአምልኮ ሙዚቃን በትምህርት ዘርፍ ደረጃ ያስተምራል።

ኖርዝላንድ፦ በዊስኮንሲን የነበረው ይህ የባፕቲስት ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2010 ፕሬዚዳንቱ በይፋ ደብዳቤ የሙዚቃ አቋሙ እየተሻሻለ መሆኑን ካሳወቁ በኋላ በፈንዳሜንታሊስት አብያተ ክርስቲያናት ዘንድ ብርቱ ክርክር አስነሣ። ኮሌጁ እ.ኤ.አ. በ2015 ተዘጋ። የመዘጋቱን ምክንያት ለሙዚቃ ብቻ መስጠት ባይቻልም፣ ጉዳዩ እንዲህ ያሉ ኮሌጆች ያለባቸውን አጣብቂኝ ያሳያል። ደንቡን ካላሉ ተማሪ የሚልኩላቸው አብያተ ክርስቲያናት ይቀየማሉ፤ ካጠበቁም በሌላ ሙዚቃ ያደገው ወጣት ሌላ ኮሌጅ ይመርጣል።

ተቃውሞና ትችት

ለረጅም ዓመታት የዊተን ኮሌጅ የሙዚቃ ትምህርት ክፍል ዲን የነበሩት ሃሮልድ ቤስት እ.ኤ.አ. በ1993 ባሳተሙት መጽሐፍ ድምፅ ብቻውን የሥነ ምግባር መልእክት እንደማይሸከም ተከራክረዋል። እንደ እሳቸው አስተያየት ትርጉሙን የሚሰጡት ሰሚው፣ ቦታውና አጠቃቀሙ ናቸው። የሥነ መለኮት ምሁሩ ጆን ፍሬምም እ.ኤ.አ. በ1997 ለዘመናዊው የአምልኮ ሙዚቃ መጽሐፍ ቅዱሳዊ መከላከያ ጽፈዋል። መዝሙር 150 ከበሮና ጸናጽልን መጥቀሱም በተቃዋሚዎች ዘንድ ተደጋግሞ ይነሣል።

ከባዱ ትችት ዘርን የሚመለከተው ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የሮክ ምት ከአፍሪካ የመጣ ነው፣ ስለዚህም ከጣዖት አምልኮ ጋር የተያያዘ ነው የሚል ስብከት የተለመደ ነበር። ሮክና ጃዝ ከጥቁር አሜሪካውያን ሙዚቃ የበቀሉ በመሆናቸው፣ ክልከላው የአንድን ሕዝብ ድምፅ ርኩስ፣ የአውሮፓን ድምፅ ደግሞ ቅዱስ አድርጓል የሚሉ አሉ። የቦብ ጆንስ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ይህን ትችት አጠናክሮታል። ተቋሙ እስከ 1971 ጥቁር ተማሪዎችን አይቀበልም ነበር፤ በተለያዩ ዘሮች መካከል መጠናናትን የሚከለክለውን ደንብ ያነሣው እ.ኤ.አ. በ2000 ነው፤ በ2008 ደግሞ ስለ ቀድሞ የዘር ፖሊሲዎቹ ይቅርታ ጠይቋል። የሙዚቃ ደንቡ ደጋፊዎች ዛሬ መከራከሪያቸው ከዘር ጋር እንደማይገናኝ ይናገራሉ።

ተዛማጅ ለውጦችም ታይተዋል። በቴክሳስ የሚገኘው የባፕቲስት ተቋም ቤይለር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1996፣ በኢሊኖይ የሚገኘው ዊተን ኮሌጅ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2003 ለብዙ አሥርተ ዓመታት ተከልክሎ የነበረውን የግቢ ውስጥ ጭፈራ ፈቅደዋል።

ከኢትዮጵያ ጋር ያለው ንጽጽር

የአሜሪካ ኮሌጆች የሚከራከሩባቸው ነገሮች በኢትዮጵያ ሌላ መልክ አላቸው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከበሮ ከጸናጽልና ከመቋሚያ ጋር የማሕሌት ንዋየ ቅድሳት ነው፤ ዜማውም ከቅዱስ ያሬድ በተወረሱት በግዕዝ፣ በዕዝልና በአራራይ ስልቶች ይመራል። በዐቢይ ጾም ከበሮና ጸናጽል ዝም ይላሉ፤ ይህ የሚሆነው ግን መሣሪያዎቹ ርኩሳን ስለሆኑ ሳይሆን ወቅቱ የንስሐና የሐዘን በመሆኑ ነው። ሥርዓቱ የሚጠይቀው የመሣሪያውን ጠባይ ሳይሆን ጊዜውንና ቦታውን ነው።

በፕሮቴስታንቱ ወገንም ልዩነቱ ጎልቶ ይታያል። በአዲስ አበባ የመካነ ኢየሱስ ሴሚናሪ የጃዝ ሙዚቃ ትምህርት ቤት አለው። በግሪንቪል በማደሪያ ክፍል እንዳይሰማ ለአሥርተ ዓመታት የተከለከለው ስልት፣ እዚህ በአንድ የሥነ መለኮት ተቋም ጥላ ሥር በትምህርትነት ይሰጣል።