ሽሮው የሚመግበው እኛን ብቻ አይደለም

«ሽሮ ሆዴን ይነፋኛል» ብሎ ከገበታ የሚነሳ ልጅ በብዙ ቤት አለ። እናት ትቀየማለች፤ ልጁ ፒዛ ያዝዛል። እውነቱን ለመናገር ልጁ አልዋሸም። ሽሮ ሆድ ሊነፋ ይችላል። ይህ ግን ምግቡ መጥፎ ስለሆነ አይደለም።

በትልቁ አንጀታችን ውስጥ በትሪሊዮን የሚቆጠሩ ባክቴሪያዎች ይኖራሉ። አብዛኞቹ አይጎዱንም፤ እንዲያውም ይሠሩልናል። ስኳርና ቅባት አብዛኛው በትንሹ አንጀት ተፈጭቶ ወደ ሰውነታችን ስለሚገባ ለእነርሱ የሚተርፈው ጥቂት ነው። የእነርሱ ድርሻ እኛ ልንፈጨው የማንችለው ክፍል ነው፤ ፋይበር ወይም አሰር ይባላል። ሽንብራ፣ ምስር፣ ባቄላ፣ ጤፍና ጎመን አሰር አላቸው። ባክቴሪያዎቹ አሰሩን ሲያብላሉት ጋዝ ይፈጠራል፤ ሆድ የሚነፋው ለዚህ ነው። አብረውም ቡቲሬት የሚባል ንጥረ ነገር ይሠራሉ። የትልቁ አንጀት ግድግዳ ሴሎች ኃይል የሚያገኙት በዋናነት ከእርሱ ነው።

ምግቡ ሲለወጥስ? በ2015 የታተመ አንድ ጥናት ይህን በግልጽ አሳይቷል። 20 ጥቁር አሜሪካውያንና 20 የደቡብ አፍሪካ ገጠር ነዋሪዎች ለሁለት ሳምንት ምግብ ተለዋወጡ። አሜሪካውያኑ አሰር የበዛበትን ምግብ ሲበሉ ቡቲሬታቸው ጨመረ፤ የአንጀታቸው መቆጣትም ቀነሰ። ሥጋና ቅባት የበዛበትን ምግብ የበሉት አፍሪካውያን ግን ተቃራኒው ደረሰባቸው። ሁለት ሳምንት ብቻ!

እንደ እኛ ላለ ስደተኛ ቤተሰብ ይበልጥ የሚነካው ግን ሌላ ጥናት ነው። የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በደቡብ ምሥራቅ እስያ የሚኖሩ፣ ከዚያ ወደ አሜሪካ የመጡና አሜሪካ የተወለዱ በድምሩ ከ500 በላይ የህሞንግና የካረን ሴቶችን አጠኑ። ውጤቱ በ2018 ወጣ። ከመጡ በጥቂት ወራት ውስጥ የአገራቸው ባክቴሪያዎች መቀነስ ጀመሩ፤ በተለይ አሰርን የሚያብላሉት። አሜሪካ በተወለዱት የስደተኛ ልጆች ላይ የባክቴሪያው ዓይነት ከመጀመሪያው የስደተኛ ትውልድም አንሶ ተገኘ። የምግብ ለውጥ ብቻውን ይህን ሁሉ አያስረዳም፤ አንዱ ምክንያት ግን ነው።

ስለ እንጀራ ብዙ ጊዜ የሚባል አንድ ስሕተት አለ። «የቦካ ስለሆነ ሕያው ባክቴሪያ አለው» ይላሉ። ሊጡ ውስጥ አለ፤ ምጣዱ ላይ ግን በሙቀት ይሞታል። አይብም በእሳት ስለሚወጣ እንደዚያው ነው። ያልፈላ እርጎ ግን ሕያው ባክቴሪያ አለው። የእንጀራ ጥቅም በጤፉ አሰር ነው።

ስለዚህ ሽሮ ለማይወድ ልጅ ሙሉ ሳህን አታቅርቡ። ባክቴሪያዎቹ ቀስ በቀስ ይለምዱታል። በሳምንት ሁለት ቀን፣ ሁለት ሦስት ማንኪያ፣ ከውሃ ጋር ጀምሩ፤ ከዚያ ምስር ጨምሩ። ሕመሙ ከበረታ፣ ክብደት ከቀነሰ ወይም ሰገራ ላይ ደም ከታየ ግን ነገሩ የሽሮ አይደለምና ሐኪም ይየው። ትናንት ማታ የእኔዋ ልጅ ሁለተኛ ማንኪያዋን ስትጨርስ «ለባክቴሪያዎቼ ነው፣ ለእኔ አይደለም» አለችኝ።