ሰርቨሩ ከቢሮ ሲወጣ የአይቲ ክፍሉ ምን ይሠራል?
(ስለ ግሪድና ክላውድ ኮምፒውቲንግ አጭር ማብራሪያ)

በዲፓርትመንታችን ተማሪዎች ዘንድ ደጋግሞ የሚነሳ አንድ ጥያቄ አለ። «ሁሉም ነገር ወደ ክላውድ ከገባ እኛ ተመርቀን የት ልንቀጠር ነው?» የሚል ነው። ጥያቄው ቀልድ ቢመስልም ቁም ነገር አለው። በሀዋሳ ከተማ ሆቴሎች፣ ማይክሮፋይናንሶች፣ ኮሌጆች፣ ፋብሪካዎችና የመንግሥት ቢሮዎች የአይቲ ባለሙያ ሲቀጥሩ የኖሩት በአብዛኛው ሰርቨር እንዲጠብቅ፣ ኔትወርክ እንዲዘረጋ፣ ቫይረስ እንዲያጸዳና የተበላሸ ኮምፒውተር እንዲጠግን ነው። ታዲያ ሰርቨሩ ራሱ ከቢሮው ወጥቶ ከሄደ የጠባቂው ሥራ ምን ይሆናል? በዚህ ጽሑፍ በመጀመሪያ ግሪድና ክላውድ ምን ማለት እንደሆኑ፣ ቀጥሎ ለድርጅትና ለአይቲ ክፍል የሚያመጡትን ለውጥ፣ በመጨረሻም በእኛ አገር ሁኔታ ምኑን መውሰድ ምኑን ማስቀረት እንደሚሻል ለማየት እንሞክራለን።

መነሻው መብራት ነው

ግሪድ የሚለው ቃል የመጣው ከኤሌክትሪክ መስመር ነው። በአገራችን በርካታ ከተሞች በአንድ ወቅት መብራት የሚያገኙት እዚያው ከተማው ውስጥ ከተተከለ የዲዝል ጄኔሬተር ነበር። ጄኔሬተሩ የራሱ ነዳጅ፣ የራሱ መለዋወጫና የራሱ ሠራተኛ ይፈልጋል። እሱ ከተበላሸ ከተማው ይጨልማል። እንደ ቆቃ (1952 ዓ.ም.) ያሉ የውኃ ኃይል ማመንጫዎች ተሠርተው ከተሞቹ በየተራ ከዋናው መስመር ጋር ሲገናኙ ግን ነገሩ ተለወጠ። ደንበኛው ኃይሉ ከቆቃ ይምጣ ከጊቤ አይጠይቅም። ሶኬት ላይ ይሰካል፣ ቆጣሪው ይቆጥራል፣ በቆጠረው ልክ ይከፍላል።

ኢያን ፎስተርና ካርል ኬስልማን የተባሉ የኮምፒውተር ሳይንስ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተሙት መጽሐፍ ያቀረቡት ሐሳብ ይኸው ነው። የማስላት ኃይልም እንደ መብራት ከመስመር ላይ ቢገኝስ? አሉ።

ግሪድና ክላውድ በምን ይለያያሉ?

ሁለቱን ቃላት ብዙ ሰው ያምታታቸዋል። ግሪድ ማለት የተለያዩ ባለቤቶች ያሏቸው ኮምፒውተሮች ተያይዘው አንድን ትልቅ ሥራ ተከፋፍለው የሚሠሩበት መንገድ ነው። ደቦ ብለን ብናስበው አያሳስትም። ሥራው ትልቅ ነው፣ እያንዳንዱ በበሬው ይመጣል፣ ተከፋፍለው ይጨርሱታል። እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2020 የቆየው ሴቲ አት ሆም የተባለው ፕሮጀክት በዓለም ዙሪያ ፈቃደኛ የሆኑ ሰዎች ሥራ ፈተው በተቀመጡ የቤት ኮምፒውተሮቻቸው የሬዲዮ ቴሌስኮፕ መረጃ ይመረምሩለት ነበር። በጄኔቭ የሚገኘው የሰርን የምርምር ማዕከልም ከ40 በላይ አገሮች ውስጥ ያሉ 170 ያህል የኮምፒውተር ማዕከላትን አያይዞ ይሠራል።

ክላውድ ደግሞ ኪራይ ነው። ደመና ሲባል ሰማይ ላይ ያለ ነገር አይደለም። የሆነ ቦታ በተሠራ ሕንፃ ውስጥ በመደርደሪያ ላይ የተደረደረ የሌላ ሰው ኮምፒውተር ነው። አንድ ባለቤት ብዙ ሺህ ማሽን ገዝቶ፣ ማቀዝቀዣና ጄኔሬተር አሟልቶ፣ ለብዙ ተከራይ በሰዓትና በመጠን ያከራያል። አማዞን እ.ኤ.አ. በ2006 የማስቀመጫ ቦታና ሰርቨር በዚህ መልክ ማከራየት ሲጀምር አሠራሩ በሰፊው ታወቀ። ኪራዩም ሦስት ዓይነት ነው። ባዶ ሰርቨር መከራየት ይቻላል፤ ሶፍትዌር የሚሠራበት የተደራጀ መድረክ መከራየት ይቻላል፤ ወይም እንደ ኢሜይል ያለ ያለቀለት ሶፍትዌር መከራየት ይቻላል።

በአገራችን አዲስ ነገር ነው?

ስሙ አዲስ ይሁን እንጂ ጉዳዩ ከእኛ ሩቅ አይደለም። በ1990ዎቹ መጨረሻ የተዘረጋው ወረዳኔት በየወረዳው ያሉ ጽሕፈት ቤቶችን ከአዲስ አበባ ካለው ማዕከል ጋር ያገናኘ ነበር። ወረዳው የራሱን ትልቅ ሰርቨር ሳይገዛ ከማዕከል አገልግሎት እንዲያገኝ ማለት ነው። ባንኮችም እንዲሁ። ቀድሞ አንድ ሰው ገንዘቡን የሚያወጣው ደብተሩን ከከፈተበት ቅርንጫፍ ብቻ ነበር። ሂሳቡ በአንድ ማዕከላዊ ሲስተም ላይ ሲቀመጥ ግን ሀዋሳ ያስገባውን አዲስ አበባ ያወጣል። በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረውን ቴሌብርንም ያየን እንደሆነ፣ ስልኩ መስኮት ነው እንጂ ሂሳቡ ያለው ማዕከል ነው። አሁን ኢትዮ ቴሌኮም ራሱ ቴሌክላውድ በሚል ስም ሰርቨርና ማስቀመጫ ያከራያል፤ አዲስ አበባ አይሲቲ ፓርክ ውስጥም የግል ዳታ ሴንተሮች ተከፍተዋል።

ለድርጅቱ የሚያመጣው ለውጥ

ለድርጅት ትልቁ ለውጥ የገንዘብ አወጣጥ ነው። ሰርቨር መግዛት ማለት ገና ሥራ ሳይጀመር ብዙ ገንዘብ ማውጣት ነው። ዩፒኤስ አለ፣ ማቀዝቀዣ አለ፣ መለዋወጫ አለ። በክላውድ ግን ወጪው እንደ ቤት ኪራይ በየወሩ ይከፈላል፤ ጀማሪ ድርጅትም በትንሽ ይጀምራል።

ሁለተኛው ጥቅም እንደ ሥራው ብዛት መስፋትና መጥበብ መቻሉ ነው። አንድ የሀዋሳ ሆቴል በፍቼ ጨምበላላ ወይም በታኅሣሥና በሐምሌ ገብርኤል ሰሞን የሚያስተናግደው የአልጋ ጥያቄ ከሌላው ጊዜ ጋር አይወዳደርም። የ12ኛ ክፍል ውጤት የሚለቀቅበት ቀንም ከዓመቱ ሌሎች ቀናት ጋር አንድ አይደለም። ለዚያች ለአንዷ ቀን ተብሎ የተገዛ ትልቅ ሰርቨር ዓመቱን ሙሉ ሥራ ፈቶ ይቀመጣል። የተከራየ ግን ለቀኑ ጨምሮ በማግስቱ ይቀንሳል።

ሦስተኛው መረጃ አለመጥፋቱ ነው። ፒችትሪ ላይ የተመዘገበ የሦስት ዓመት ሂሳብ አንድ ዲስክ ሲቃጠል አብሮ የጠፋበት መሥሪያ ቤት ጥቂት አይደለም። ባክአፑ በአንድ ፍላሽ፣ ፍላሹም በሂሳብ ሹሙ ኪስ ከሆነ ባክአፕ አለ ማለት አይቻልም።

ነገር ግን ሦስት እንቅፋቶች አሉ

አንደኛ መስመር። ኢንተርኔት ሲቋረጥ ተከራዩ ሰርቨሩ ቢኖርም የለም ማለት ነው። ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ተዘግቶ ለሦስት ሳምንት ያህል ቆይቷል። በዚያ ሰሞን መረጃው ሁሉ ውጭ አገር የተቀመጠ ድርጅት የራሱን የደንበኛ ዝርዝር እንኳ ማየት አይችልም።

ሁለተኛ ዶላር። የውጭ ክላውድ ኪራይ የሚከፈለው በዶላር ነው። አንድ ድርጅት በወር 100 ዶላር ይከፍላል እንበል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ገበያ መር ከመሆኑ በፊት በባንክ ዋጋ 5,700 ብር ገደማ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ዶላር ከ100 ብር በላይ ሲሆን ያው ኪራይ ከ10,000 ብር አለፈ። ሰርቨሩ አልጨመረም፣ ደንበኛውም አልጨመረም፤ ወጪው ግን ወደ እጥፍ ተጠጋ። የተገዛ ሰርቨር ቢሆን ኖሮ ዋጋው አንዴ ተከፍሎ ያለቀ ነበር።

ሦስተኛ ሕግና ኃላፊነት። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰዎች የግል መረጃ ወደ ውጭ አገር በሚተላለፍበት ሁኔታ ላይ ገደብ አስቀምጧል። ስለዚህ የታካሚ ካርድ ወይም የተማሪ ማኅደር ዋጋው ረከሰ ተብሎ የትም አይወረወርም።

ማዕከል መሆን ራሱም አደጋ አለው። መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ከሲስተም ማሻሻያ ጋር በተያያዘ ችግር ደንበኞች ከሂሳባቸው በላይ ማውጣት ችለው ነበር። ባንኩ ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ እንደተንቀሳቀሰ አስታውቋል፤ አብዛኛውንም በኋላ አስመልሷል። በድሮው አሠራር አንድ ቅርንጫፍ ቢሳሳት ስህተቱ እዚያው ይቀራል። በማዕከል የተሠራ ስህተት ግን በአንድ ሌሊት አገር ያዳርሳል።

የአይቲ ክፍሉስ?

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። ከተማው ከዋናው የመብራት መስመር ጋር ሲገናኝ የጄኔሬተር ሠራተኛው ሥራ ቀርቷል፤ የኤሌክትሪሺያኑ ሥራ ግን በዝቷል። በአይቲም የሚቀርና የሚበዛ ሥራ አለ። ሰርቨር የመትከል፣ ዲስክ የመቀየር፣ ሶፍትዌር በየኮምፒውተሩ እየዞሩ የመጫን ሥራ ይቀንሳል። በምትኩ የሚመጡት ሥራዎች እነዚህ ናቸው፦

- ማን ምን ማየት እንደሚችል መወሰንና መቆጣጠር። የለቀቀ ሠራተኛ ፓስወርድ በዚያው ቀን ካልተዘጋ ሰውየው ቤቱ ተቀምጦ መግባት ይችላል።
- ወርሃዊ ሂሳቡን መከታተል። ማታ ያልጠፋ የኪራይ ሰርቨር ልክ እንዳልተዘጋ ቧንቧ ነው፤ ማንም ባይጠቀምበትም ይቆጥራል።
- ውል ማንበብ። አገልግሎቱ ቢቋረጥ ማን ይጠየቃል? ድርጅቱ መልቀቅ ቢፈልግ መረጃውን በምን መልክ ይዞ ይወጣል?
- መስመሩን ማጠናከር። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ሳፋሪኮም ስለገባ፣ ሁለት የተለያየ መስመር መያዝ ቢያንስ የአንዱ ብልሽት ሥራ እንዳያስቆም ይረዳል።

ምኑን እንውሰድ፣ ምኑን እናስቀር?

መብራት መጣ ብሎ ጄኔሬተሩን የሚሸጥ አስተዋይ ሆቴል የለም። ለክላውድም ልኩ ይኸው ይመስለናል። ኢሜይል፣ ድረ ገጽና ተጨማሪ ባክአፕ ወደ ክላውድ ቢሄዱ ጉዳቱ ትንሽ፣ ጥቅሙ ብዙ ነው። መስመር ቢጠፋም መቆም የሌለበት ሥራ፣ ለምሳሌ የሆስፒታል ካርድ ክፍልና የሆቴል ሪሰፕሽን፣ ቢያንስ አንድ ቅጂው እዚያው ግቢ ውስጥ መኖር አለበት። የግል መረጃ የያዘው ደግሞ በቅድሚያ አገር ውስጥ ካሉት አከራዮች ጋር ቢታይ ይመረጣል። ይህ ዶላሩንም ሕጉንም ያቀልላል።

ለእኛ ለተማሪዎች ደግሞ ግሪድን ለመማር የውጭ ኪራይ አያስፈልግም። በየላቦራቶሪያችን ከሥራ ሰዓት በኋላ ጠፍተው የሚያድሩት ኮምፒውተሮች በነፃ በሚገኝ እንደ ኮንዶር ባለ ሶፍትዌር ቢያያዙ፣ አንድ ማሽን ሳምንት የሚፈጅበትን የአየር ጠባይ ወይም የሰብል ስሌት በአንድ ሌሊት ሊጨርሱት ይችላሉ። ለመመረቂያ ፕሮጀክት ርዕስ ለቸገረው ተማሪ ከዚህ የተሻለ ቅርብ ሥራ አይገኝም። ሰርቨር መጠገን ብቻ ተምሮ የወጣ ሰው ሰርቨሩ ሲሄድ አብሮ መሄዱ ነው። የድርጅቱን መረጃ፣ መስመርና ወጪ አውቆ የሚመክር ሰው ግን ሰርቨሩ የትም ይሁን የት ይፈለጋል። ለዚህ ደግሞ የሂሳብ አያያዝና የሕግ ኮርሶችን «የእኛ አይደሉም» ብሎ አለመናቅ ጥሩ መጀመሪያ ነው።