ሦስቱ በአንዱ ለምን ተሸነፉ?

በመኝታ ክፍላችን ከመብራት መጥፊያ ሰዓት በኋላ የተነሣው ክርክር እነሆ እስከ ዛሬ አልበረደም። ነገሩ ስለ እግር ኳስ ቢሆን ኖሮ ማንንም ባልገረመ ነበር፤ እኛን ያፋጀን ግን የአውሮፓውያን የብስክሌት ውድድር ነው። አንድ ጓደኛችን በስልኩ ባሳየን ፊልም ላይ የአንድ ቡድን ሦስት ጋላቢዎች፣ ከሌላ ቡድን የመጣ አንድ ሰው መሐላቸው ይዘው እስከ መጨረሻው መስመር ድረስ መጡ። ሦስት ለአንድ! ሻይ ለመወራረድ እንኳ ያስቸግራል፤ በአንዱ ላይ የሚወራረድ ሰው ከየት ይገኛል? ታዲያ ያ ብቻውን የነበረው ሰው ሦስቱንም ቀድሟቸው ገባ። ግማሾቻችን «አውቀው ነው የለቀቁለት» አልን። ግማሾቻችን ደግሞ «ሰነፎች ናቸው፤ ሌላ ምን አለው!» አልን። ሁለቱም አባባል ስሕተት መሆኑን ለማወቅ ብዙ ሌሊትና አንድ ጠብ ፈጅቶብናል። ይህንንም ለግድግዳ ጋዜጣችን አንባቢያን፣ በተለይም ብስክሌት ማለት ፔዳል መርገጥ ብቻ ለሚመስላቸው ጓደኞቻችን፣ እንደሚከተለው ለማብራራት እንሞክራለን።

በመጀመሪያ ውድድሩ ምን ዓይነት ነው? ብዙዎቻችን በስም የምናውቀው ቱር ደ ፍራንስን ነው። እሱ ሦስት ሳምንት የሚፈጅ በመሆኑ ዛሬ የተቀደመ ሰው ነገ ሊካስ ይችላል። በአውሮፓውያን የጸደይ ሰሞን፣ ማለትም በእኛ ከየካቲት ማብቂያ እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ፣ የሚካሄዱት «ክላሲክ» የሚባሉት ውድድሮች ግን በአንድ ቀን ያልቃሉ። ነገ የሚባል ነገር የለም። ዕድሜያቸውም የዋዛ አይደለም። በቤልጂክ የሚደረገው ሊየዥ ባስቶኝ ሊየዥ በ1892፣ በሰሜን ፈረንሳይ የሚደረገው ፓሪ ሩቤ በ1896፣ የኢጣልያው ሚላኖ ሳን ሬሞ በ1907፣ የፍላንደርስ ዙር ደግሞ በ1913 የተጀመሩ ናቸው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሚላኖ ሳን ሬሞ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ጠዋት ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በዚያው ቀን ደብረ ማርቆስ በፔዳል መድረስ ማለት ነው። በፓሪ ሩቤ ከ50 ኪሎ ሜትር የሚበልጠው መንገድ አጥንት የሚያነቃንቅ የድንጋይ ንጣፍ ነው። በፍላንደርስ ዙር ፓተርበርግ የሚባል ዳገት አለ፤ ርዝመቱ 400 ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ነገር ግን ተዳፋቱ በአንዳንድ ቦታ 20 በመቶ ይደርሳል።

አሁን ወደ ክርክራችን እንመለስ። ከሁሉ በፊት ሦስት ሰው ከአንድ የሚሻለው ለምንድን ነው? በጥፊ አይማቱ፣ ገመድ አይጓተቱ! መልሱ ንፋስ ነው። ይህን ያስረዱን የፊዚክስ መምህራችን ናቸው። በሜዳ ላይ በሰዓት ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ ሲጋለብ፣ ከእግር የሚወጣው ጉልበት አብዛኛው የሚያልቀው አየሩን ለመሰንጠቅ ነው። መምህራችን ጠመኔ አነሡና እንዲህ ብለው ጻፉልን፦ የአየሩ ተቃውሞ በፍጥነቱ ካሬ ያድጋል፤ በየሴኮንዱ የሚከፈለው ጉልበት ደግሞ በፍጥነቱ ኩብ ያድጋል። ስለዚህ ከ40 ወደ 44 ኪሎ ሜትር ከፍ ለማለት፣ ማለትም ፍጥነትን በመቶ 10 ብቻ ለመጨመር፣ ለአየሩ የሚከፈለው ጉልበት በአንድ ሦስተኛ ያህል ይጨምራል። የተጠራጠረ 1.1ን በ1.1፣ ውጤቱንም እንደገና በ1.1 ያባዛው። ከፊት ያለው ሰው ይህን ሁሉ ሲከፍል ከኋላ ጎማው ሥር ተጠግቶ የሚጋልበው ሰው ከሩብ እስከ ሲሶ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቆጥባል። በትልቁ ጭፍራ መሐል የተደበቀማ እጅግ የበለጠ ይተርፈዋል።

እንግዲህ የብስክሌት ፖለቲካ በሙሉ ከዚህ የሚመነጭ ነው። አንድ ቡድን ለእነዚህ ትላልቅ ውድድሮች የሚያሰልፈው ሰባት ሰው ነው። ከሰባቱ አብዛኞቹ ቀኑን ሙሉ ንፋስ ሲጠጡ፣ ውሃ ሲያመላልሱ፣ ያፈተለከውን ሲያሳድዱ ይውሉና መጨረሻው ሲቀርብ አቅማቸው አልቆ ወደ ኋላ ይቀራሉ። በአሸናፊነት የሚጻፈው የአንድ ሰው ስም ነው።

ሦስት ለአንድ ሲሆን ደግሞ መጽሐፉ የሚለው ግልጽ ነው። ከሦስቱ አንዱ ድንገት ያፈተልካል። ብቸኛው ሰው ያሳድደዋል፤ የቀሩት ሁለቱ ከጎማው ኋላ ተለጥፈው ያርፋሉ። የመጀመሪያው ሲያዝ ሁለተኛው ያፈተልካል፤ እሱ ሲያዝ ሦስተኛው። ሦስት ውሾች አንድን ከርከሮ በየተራ እንደሚያደክሙት ማለት ነው። በመጨረሻ አንዱ አምልጦ ይሄዳል። በወረቀት ላይ ሲታይ ሽንፈት የሚገባበት ቀዳዳ የለም።

እኛ በስልክ ያየነው ውድድር ኤፕሪል 2 ቀን 2025 በቤልጂክ ዋረጌም ከተማ የተጠናቀቀው ድዋርስ ዶር ቭላንደረን ነው፤ ትርጉሙ «ፍላንደርስን አቋርጦ» እንደ ማለት ነው። ሦስቱ የቪስማ ቡድን ሰዎች ዋውት ቫን አርት፣ ማቴዮ ጆርገንሰንና ቲስ ቤኖት ነበሩ። ጆርገንሰን በ2024 ይህንኑ ውድድር ያሸነፈ ሰው ነው። ብቻውን የነበረው አሜሪካዊው ኒልሰን ፓውለስ ሲሆን፣ በመጨረሻ ሜትሮች በሚደረግ የፍጥነት ትግል፣ በስፕሪንት ማለት ነው፣ የሚፈራ ሰው ተብሎ አይታወቅም። ቫን አርት ደግሞ በዚያ የታወቀ ነው። ስለዚህ ሦስቱ በየተራ ማጥቃቱን ትተው «ዝም ብለን አብረን እንድረስ፤ ዋውት በስፕሪንት ይጨርሰዋል» አሉ። በእኛ ግምት ችግሩ እዚህ ላይ ነው። እንዲህ ብለው ከወሰኑ በኋላ የሚያሳድደው ጭፍራ እንዳይደርስባቸው ንፋሱን የመክፈሉ ዕዳ ከማንም በላይ የእነሱ ሆነ። ብቻውን ያለ ሰው ግን ማንም አይፈርድበትም፤ ቆጥቦ የመጣውን ለመጨረሻዎቹ ሁለት መቶ ሜትሮች ያስቀምጣል። ፓውለስ ቫን አርትን በስፕሪንት ቀደመው። ሦስቱ ተከታትለው ሁለተኛ፣ ሦስተኛና አራተኛ ወጡ።

አንዳንዶቻችን ቫን አርትን ክፉኛ ተቸነው። ሆኖም ግን ከበስተጀርባው ያለውን ስናውቅ አንደበታችን ቀዝቀዝ አለ። ሰውዬው በ2024 በዚሁ ውድድር ላይ ወድቆ የአንገት ማቀፊያ አጥንቱና የጎድን አጥንቶቹ ተሰብረው፣ ዓመቱን ሙሉ የተዘጋጀባቸው የፍላንደርስ ዙርና ፓሪ ሩቤ አምልጠውታል። በዓመቱ ወደዚያው መንገድ ሲመለስ ማሸነፍ አማረው። ከውድድሩ በኋላም ጥፋቱን በጓደኞቹ ላይ አላላከከም፤ ለስፕሪንት እንዲጠብቁት የጠየቃቸው እሱ ራሱ መሆኑን፣ ለራሱ ማሰቡንም አምኗል። ሁለቱ ጓደኞቹ ግን ምን ተሰምቷቸው ይሆን? የመኝታ ክፍላችን ክርክር ከዚህ በኋላ ወደዚህ ዞረ።

«በየተራ ቢያጠቁት ኖሮ አለቀ!» የሚሉት ጓደኞቻችን ድል ያደረጉ መስሏቸው ነበር። አንድ የቆየ ውጤት ግን አፋቸውን አስያዛቸው። ፌብሩዋሪ 28 ቀን 2015 ጌንት ከተማ በተጠናቀቀው ኦምሎፕ ሄት ኒውስብላድ የክዊክ ስቴፕ ቡድን ሦስት ሰዎች፣ ቶም ቦነን፣ ኒኪ ቴርፕስትራና ስታይን ቫንደንበርግ፣ እንግሊዛዊውን ኢያን ስታናርድን መሐላቸው ይዘው መጡ። ቦነን ፓሪ ሩቤን አራት ጊዜ ያሸነፈ ጀግና ነው፤ ቴርፕስትራም በ2014 አሸንፎታል። እነዚህኞቹ መጽሐፉ እንደሚለው አደረጉ። ቦነን አፈተለከ፤ ስታናርድ ያዘው። ቴርፕስትራ አፈተለከ፤ እሱንም ያዘው። ከዚያ ማንም ያልጠበቀውን አደረገ፦ ተራው የእነሱ ሆኖ ሳለ ራሱ አጠቃ! ቴርፕስትራ ብቻ ተከተለው፤ ሁለቱ ወደ ኋላ ቀሩ፤ ሦስት ለአንድ የነበረው አንድ ለአንድ ሆነ። በስፕሪንቱም ስታናርድ ቀደመ።

እንግዲህ በ2015 በየተራ አጥቅተው ተሸነፉ። በ2025 ሳያጠቁ ጠብቀው ተሸነፉ። ምን ይባላል? ከመቀሌ የመጣው ጓደኛችን፣ በልጅነቱ ብስክሌት ሲወዳደር ያደገ ነው፣ ሲያዳምጠን ቆይቶ «እናንተ ሦስት ስትሉ ሦስት ድንጋይ የምትቆጥሩ ነው የሚመስለው» አለን። ከሦስቱ አንዱ ሊያሸንፍ የሚችለው ሁለቱ ለመሸነፍ ከልባቸው ሲዘጋጁ ብቻ ነው፤ ያንን ደግሞ በስብሰባ ላይ እሺ ማለትና መንገድ ላይ ማድረግ ይለያያል ሲል አስረዳን። አላመንነውም። «እንሞክረው!» አልን።

በአንድ እሑድ ሁለት ብስክሌት ከመምህራን፣ አንድ ከጥበቃው ለምነን፣ አራተኛውን በሰዓት ተከራየን። ከተቋማችን በር እስከ ከተማው መናኸሪያ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እኛ ሦስት፣ እሱ አንድ። ተራችንን በወረቀት ጽፈን በኪሳችን ይዘናል። የመጀመሪያው ጥቃት ከድልድዩ በፊት ተደረገ፤ የመቀሌው ልጅ ሳይቸኩል ያዘው። ከዚያ በኋላ የሆነውን ለመጻፍ ያሳፍራል። ሁለተኛ የሚያጠቃው ማን ነው? ወረቀቱ ያውቃል፤ እኛ ግን ረሳን። ቀድሞ ያጠቃ ሰው ደክሞ እንደሚቀር፣ የመጨረሻው አጥቂ ግን አሸናፊ እንደሚሆን ሁላችንም እናውቃለና። ሁለቱ እርስ በርስ እየተያዩ ሲጠባበቁ፣ በቁመት የሚበልጠን ጓደኛችን ከፊት ሆኖ የመስኩን ንፋስ በሙሉ ጠጣው። መናኸሪያው ሊደርስ መቶ ሜትር ያህል ሲቀር የመቀሌው ልጅ በጎናችን አለፈ። ንፋስ የጠጣው ጓደኛችን ከሁላችንም ኋላ ገባ፤ ሊስትሮዎቹም ሳቁበት። ሁለት ቀን አላናገረንም። በሦስተኛው ቀን «እኔ ስከፍልላችሁ እናንተ ስጡኝ ማለት ብቻ ነው የምታውቁት» አለን። ከተጠባበቁት ሁለቱ መካከል እኛ የዚህ ጽሑፍ አዘጋጆች እንዳለንበት አንደብቅም።

መተያየት የሚጎዳው የአንድ ቡድን ሰዎችን ብቻ አይደለም። ማርች 27 ቀን 2022 በጌንት ወቨልገም ውድድር ከአራት የተለያዩ ቡድኖች የመጡ አራት ሰዎች አንድ ላይ መጨረሻው ደረሱ። ከእነሱ አንዱ የጎረቤታችን የኤርትራ ልጅ ቢንያም ግርማይ ነበር፤ ዕድሜው 21። ሌሎቹ ማን ይጀምር ብለው ሲጠባበቁ እሱ ከሩቅ ጀመረ፤ ፈረንሳዊው ክሪስቶፍ ላፖርት እግር በእግር ቢከተለውም አልደረሰበትም። ይህን ውድድር ያሸነፈ የመጀመሪያው አፍሪካዊ ሆነ። የመቀሌው ጓደኛችን ይህ ሲነሣ የከተማውን ልጅ ጽጋቡ ግርማይን ሳይጠቅስ አያልፍም፤ ጽጋቡ በ2016 ቱር ደ ፍራንስን የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ነው።

ልክ በሳምንቱ፣ ኤፕሪል 3 ቀን 2022፣ በፍላንደርስ ዙር ታዴይ ፖጋቻርና ማቲዩ ቫን ደር ፑል ሁሉንም ጥለው ሁለት ብቻቸውን መጡ። በመጨረሻው ኪሎ ሜትር አንተ ቅደም፣ አንተ ቅደም እየተባባሉ እስከ መቆም ደረሱ። ከኋላ ዲላን ቫን ባርሌና ቫላንታን ማድዋ ደረሱባቸው። ቫን ደር ፑል ፈጥኖ ጀምሮ አሸነፈ፤ ፖጋቻር ግን በሁለቱ መሐል መውጫ አጥቶ ከሁለተኛነት ወደ አራተኛነት ወረደ። እጁን ሲያወራጭ ላየው ሰው ያሳዝን ነበር። ከዚያ ወዲህ የፈለሰፈው መድኃኒት ቀላል ነው፦ በ2023ም ሆነ በ2025 በዚያው ውድድር አውደ ክዋሬሞንት በተባለው ዳገት ላይ ለመጨረሻ ጊዜ ሲወጡ ሁሉንም ጥሎ ብቻውን ገባ። አብሮት የሚተያይ ሰው አልነበረም። እንዲህ ያለ እግር ለሌለው ግን መድኃኒቱ አይሠራም።

ይህን ጽሑፍ ከመለጠፋችን በፊት ያ ረጅሙ ጓደኛችን አነበበው። አንድ ነገር ብቻ እንዲጨመር ጠየቀ፤ የቤኖትና የጆርገንሰን ስም እንዳይቀር። አስቀርተን አልነበረም። የሚመጣው እሑድ እንደገና ወደ መናኸሪያው እንወጣለን። በዚህ ጊዜ ተራው በዕጣ ተለይቶ በመኝታ ክፍላችን በር ላይ ተለጥፏል። የመጀመሪያው ጥቃት ለእኛ ደርሷል፤ ረጅሙ ደግሞ የመጨረሻው ነው።