ከቆዳ ሥር ያለች ቺፕ፦ ባትሪ ሳይኖራት እንዴት ትሠራለች?

እስቲ አስቡት፤ ቁልፉንም መታወቂያውንም የባቡር ትኬቱንም ቤት ረስታችሁ ወጥታችኋል። ግን ችግር የለም! እጃችሁን በሩ ላይ ወዳለው ማንበቢያ መሣሪያ ጠጋ ስታደርጉት በሩ ይከፈታል።

ይሄ ልብ ወለድ አይደለም። በእንግሊዝ የሬዲንግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የነበሩት ፕሮፌሰር ኬቨን ዋርዊክ እ.ኤ.አ. በ1998 ቺፕ ክንዳቸው ውስጥ አስቀብረው ሞክረውታል። እሳቸው ሲቀርቡ በሩ ይከፈት፣ መብራቱም ይበራ ነበር። በስዊድን ደግሞ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ቺፕ አስገብተዋል፤ በ2017 የአገሪቱ የባቡር ድርጅት ኤስጄ ቺፕን በትኬት ፋንታ መቀበል ጀምሮ ነበር።

ቺፗ የሩዝ ፍሬ ብታክል ነው። በመስታወት ተሸፍና፣ በወፍራም መርፌ፣ ብዙውን ጊዜ በአውራ ጣትና በጠቋሚ ጣት መካከል ከቆዳ ሥር ትገባለች። ባትሪ የላትም። ታዲያ ኃይል ከየት ታገኛለች?

ከማንበቢያው ነዋ! ማንበቢያው በፍጥነት የሚለዋወጥ መግነጢሳዊ መስክ ይፈጥራል። ቺፗ ውስጥ ያለው ጥቅል ሽቦ እዚያ መስክ ውስጥ ሲገባ ኤሌክትሪክ ይመነጭበታል፤ ፊዚክስ ላይ የምትማሩት የፋራዳይ ሕግ ማለት ነው። ያኔ ቺፗ ትነቃና የያዘችውን መለያ ቁጥር ትልካለች። እጃችሁን ጥቂት ሴንቲሜትር ስታርቁ ተመልሳ ትተኛለች።

እንግዲህ «ቺፕ ያስገባ ሰው የትም ቢሄድ በሳተላይት ይታያል» የሚለው ወሬ ለምን ልክ እንዳልሆነ ገባችሁ አይደል? እንዲህ ዓይነቷ ቺፕ ጂፒኤስ የላትም፤ ያለ ማንበቢያውም ምንም አትናገርም።

ታዲያ የሚያሳስብ ነገር የለም ማለት ነው? አለ እንጂ! ቺፗ የት እንዳላችሁ ባታውቅም በሩ ያውቃል። ከማንበቢያው ጋር የተያያዘው ኮምፒውተር ማን በስንት ሰዓት እንደገባ ሊመዘግብ ይችላል። «ካርድስ ያው አይደል?» ትሉ ይሆናል። ልክ ናችሁ። ካርድን ግን ቤት ጥሎ መውጣት ይቻላል፤ ሥራ ስትለቁም ትመልሱታላችሁ። ቺፗን ለማውጣት ቆዳ መሰንጠቅ ያስፈልጋል።

አሠሪ «ቺፕ ካላስገባችሁ ሥራ የለም» ቢልስ? በአሜሪካ የዊስኮንሲን ግዛት ሰውን አስገድዶ ቺፕ ማስገባትን በ2006 በሕግ ከልክላለች። በዚያችው ግዛት ስሪ ስኩዌር ማርኬት የተባለው ኩባንያ በ2017 ለሠራተኞቹ ቺፕ ሲያቀርብ፣ የወሰዱት በፈቃዳቸው ነበር።

ስለዚህ አንድ ቀን «ቺፕ ላስገባላችሁ?» የሚል ሰው ቢመጣ፣ «ያማል ወይ?» ከማለታችሁ በፊት «መዝገቡ በማን እጅ ነው? እምቢ ብልስ?» ብላችሁ ጠይቁት።