የተኛው የጡረታ ብር

ካዛንቺስ ገና ሳይፈርስ፣ ከሰፈሩ ሻይ ቤቶች በአንዱ፣ በሆቴል ላውንደሪ ከሃያ ዓመት በላይ የሠሩ አንዲት እናት ወረቀት እንዳነብላቸው ጠየቁኝ። በእንግሊዝኛ የተጻፈ የፕሮቪደንት ፈንድ መግለጫ ነበር፤ የእሳቸው መዋጮ፣ የአሠሪው መዋጮ፣ ወለድ፣ ድምር። ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ነገርኳቸው። “እሱንማ አውቀዋለሁ ልጄ፤ ብሩ እዚያ ይተኛ ብሎ የወሰነው ማነው? እሱን ፈልግልኝ” አሉኝ። ወረቀቱ ላይ ስለዚህ የተጻፈ ነገር የለም። ጥያቄያቸው ግን ወደዚህ ጽሑፍ ጎትቶ አመጣኝ።

የግል ድርጅት ሠራተኛ ለረጅም ዘመን ጡረታ አልነበረውም። የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 209 የወጣው በ1955 ዓ.ም. ነው። ከሠራተኛው ደመወዝ 4 በመቶ፣ ከመንግሥት 6 በመቶ ይዋጣል የሚለው ሒሳብም ለአሥርት ዓመታት ጸንቶ ቆይቷል። ደርግ ድርጅቶችን ሲወርስ ሠራተኞቻቸው ወደ መንግሥት ጡረታ ገቡ። በግል እጅ የቀረው ግን እስከ 2003 ዓ.ም. ድረስ ዕጣው በአሠሪው በጎ ፈቃድ ላይ ነበር። ደግ አሠሪ ፕሮቪደንት ፈንድ ያቋቁማል፤ ከደመወዝ ይቆርጣል፣ ከራሱም ይጨምራል፣ ሠራተኛው ሲለቅ ድምሩን በአንዴ ይሰጠዋል። በሆቴሎችና በእርዳታ ድርጅቶች ዘንድ የተለመደ ነበር። የገቢ ግብር ሕጉም ያበረታታዋል፤ አሠሪው እስከ ደመወዙ 15 በመቶ ድረስ የሚያዋጣው ከግብር ነፃ ነው።

የሚገርመው ይህ ሁሉ የሆነበት ሰፈር ነው። ካዛንቺስ በጣሊያን ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች በተሠሩ ቤቶች የጀመረ መንደር ነው። የሠራተኛና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር ለዓመታት የተቀመጠው እዚሁ ነበር። ትንሽ ወረድ ሲሉ ደግሞ በ1953 ዓ.ም. የተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽና የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ግቢ አለ። በዚያ ግቢ አጥር ውስጥ ያለ ሠራተኛ እ.ኤ.አ. በ1949 ሥራ የጀመረው የተባበሩት መንግሥታት የጋራ ጡረታ ፈንድ አባል ነው። እሱ ከደመወዙ 7.9 በመቶ ያዋጣል፤ ድርጅቱ 15.8 በመቶ ይጨምራል። ገንዘቡ በዓለም ገበያ በአክሲዮንና በቦንድ ተበትኖ ይሠራል። ፈንዱ ለራሱ ያስቀመጠው የረጅም ጊዜ ግብም ከዋጋ ንረት በላይ 3.5 በመቶ ማትረፍ ነው። ከአጥሩ ማዶ አንሶላ ሲያጥቡ የኖሩት እናት ገንዘብ ግን ባንክ ቤት በቁጠባ ሒሳብ ተኝቶ ከረመ።

በሐምሌ 2003 ዓ.ም. የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 715 ሥራ ላይ ዋለ። መዋጮው በአሠሪው 7፣ በሠራተኛው 5 በመቶ ተጀምሮ በየዓመቱ እያደገ 11 እና 7 ደረሰ። ቀድሞ ፕሮቪደንት ፈንድ የነበራቸው ሠራተኞች በዚያው የመቆየት ወይም ወደ ጡረታው የመዛወር ምርጫ ተሰጣቸው። የላውንደሪዋ እናት ቆዩ። “የወር ጡረታ እስኪደርስ ማን ይኖራል? በእጄ የሚገባው ይሻለኛል አልኩ። ጓደኞቼም እንዲያ አሉ። ስብሰባውን የጠራችው የሰው ኃይል ኃላፊዋ ራሷ በዓመቱ ለቃ ሄደች፤ ፈንዷን ይዛ።”

የተዛወሩትስ ምን ገጠማቸው? የጡረታው አበል በቀመር የሚሠላ ስለሆነ የባለጡረታው ኪስ ከጡረታ ፈንዱ ትርፍ ጋር በቀጥታ አይያያዝም። አሥር ዓመት ያገለገለ ከመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዙ 30 በመቶ ያገኛል፤ ለተጨማሪው አገልግሎት በየዓመቱ 1.25 በመቶ እየታከለ ጣሪያው 70 በመቶ ነው። ፈንዱ ግን በአብዛኛው የገባው ወደ ግምጃ ቤት ሰነድ ነበር። እስከ 2012 ዓ.ም. ድረስ የዚህ ሰነድ ወለድ ከ2 በመቶ በታች ነበር። መንግሥት የበጀት ጉድለቱን የሚሸፍንበት ርካሽ ብድር ከሠራተኛው የእርጅና ገንዘብ ተገኘ ማለት ነው። በዚያው በ2003 ዓ.ም. የግል ባንኮችም ከሚሰጡት ብድር 27 በመቶ የሚሆነውን በ3 በመቶ ወለድ የብሔራዊ ባንክ ሰነድ እንዲገዙ ታዘዋል። የዘመኑ ፖሊሲ ገንዘብ ርካሽ ይሁን የሚል ነበር፤ ርካሽነቱን ማን እንደሚሸከመው ብዙም አልተጠየቀም።

የፕሮቪደንት ፈንዱ ዕጣ ከዚህ ብዙ አልራቀም። የባንክ ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ እስከ ጥቅምት 2010 ዓ.ም. ድረስ 5 በመቶ ነበር፤ ከዚያ 7 ሆነ። 100 ብር በ7 በመቶ ቢቀመጥ በዓመቱ 107 ይሆናል። በዚያው ዓመት ዋጋ በ20 በመቶ ቢንር ግን በመቶ ብር ይገዛ የነበረው ዕቃ 120 ገብቷል። ከመቶው ብር የመግዛት አቅም 11 ብር ያህሉ ሄደ። በ2014 በጀት ዓመት ደግሞ አማካይ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። “ባንክ ስሄድ ብሩ ጨምሯል፣ ገበያ ስወጣ ጎድሏል፤ የቱን ልመን?” ይላሉ እናት። “መጀመሪያ የተቆረጠብኝ ያኔ ለፋሲካ በግ ይገዛ ነበር። ዛሬ ከነወለዱ ዶሮ ከነሽንኩርቷ አያደርስም። ሌባማ አልነካውም። ሌባ ቢሆን ጮኼ ሰው እጠራ ነበር።”

ጉዳዩ የሚመለከታቸውን አንድ ኃላፊ የፈንድ ገንዘብ የት እንደሚቀመጥ የሚወስነው ማን እንደሆነና ሠራተኛው የመጠየቅ መብት እንዳለው ጠየቅኋቸው። በጽሑፍ አቅርብ አሉኝ፤ አቀረብኩ። “ጥያቄህ ደርሶናል” ከሚለው በቀር የመጣ መልስ የለም።

አሁን ነገሩ እየተለወጠ ነው። የግምጃ ቤት ሰነድ ጨረታ ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ በገበያ ዋጋ ይካሄዳል። አዋጅ 715 በ2014 ዓ.ም. በአዋጅ 1268 ተተክቷል። በአዋጅ 1248/2013 የካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ተቋቁሟል፤ ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ነዋይ ገበያ ተመርቆ የወጋገን ባንክ አክሲዮን የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ሆኗል። ገበያው ሲሰፋ የሰው ገንዘብ ተቀብለው የሚያስተዳድሩ ድርጅቶችም መምጣታቸው አይቀርም፤ ከእነሱ ጋር ደግሞ የአስተዳደር ክፍያ ይመጣል።

በሌላው ዓለም የጡረታ ቆጣቢ የሚጨቃጨቀው ስለዚህ ክፍያ ነው። አሜሪካዊው ጆን ቦግል የቫንጋርድን የኢንዴክስ ፈንድ እ.ኤ.አ. በ1976 ለተራው ቆጣቢ ሲከፍት ብዙዎች አላገጡበት፤ ሐሳቡ ግን ቀላል ነበር፦ ገበያውን እንዳለ ግዛ፣ አስተዳዳሪው የሚወስደውን አሳንስ። አንድ በመቶ ትንሽ ይመስላል። 100 ሺህ ብር በዓመት 7 በመቶ እያተረፈ 30 ዓመት ቢቆይ 761 ሺህ ገደማ ይሆናል፤ አንድ በመቶው ለአስተዳዳሪ ሄዶ 6 ቢቀር 574 ሺህ ነው። ሩቡ ሄደ። የእኛ ሠራተኛ ማንም ክፍያ ሳይጠይቀው ከዚህ የበለጠ ከፍሏል። ነገ በዚያ ላይ ግልጽ ያልሆነ ክፍያ ከተጨመረበት በሁለቱም በኩል ይመታል።

ጉዳቱ የደረሰባቸው ሰዎች አንድ ቦታ የሉም። እናትየዋ ፈንዳቸውን ተቀብለው ለልጅ ትምህርትና ለመድኃኒት ጨርሰውታል፤ ሰፈራቸው ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ ገላን ጉራ ገብተዋል። ገና በሥራ ላይ ያሉት ግን ሊያደርጉ የሚችሉት ነገር አለ። የጊዜ ገደብ ያለው ተቀማጭ ወለድ በድርድር የሚወሰን ነው፤ የመቶ ሠራተኛ ገንዘብ ተደምሮ ባንክ ፊት ሲቀርብ ከዝቅተኛው ወለድ በላይ መጠየቅ ይቻላል። የሠራተኛ ማኅበራት በኅብረት ስምምነት ድርድር ስለ ደመወዝ፣ ስለ ሰርቪስና ስለ ሕክምና ይከራከራሉ። ፈንዱ የት፣ በስንት ወለድ እንደሚቀመጥና አስተዳዳሪው ስንት እንደሚወስድ በየዓመቱ በአማርኛ ይገለጽ የሚል አንድ አንቀጽ ለመጨመር አዲስ አዋጅ መጠበቅ አያሻቸውም።