«ይሄን የመሰለ ጭንቅላት ማኅበራዊ ገብቶ ይባክን?»

ሰኔ ሊያልቅ ሰሞን ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ላይ በሬ ተንኳኳ፡፡ ከፍቼ ሳይ የታላቅ እህቴ ልጅ ናት፤ ዓይኗ ቀልቷል፡፡ ሰው የሞተ መስሎኝ ክው አልኩ፡፡ ለካስ ጉዳዩ አንዲት ወረቀት ናት! ልጅቷ 10ኛ ክፍልን ጨርሳለች፡፡ 11ኛ ስትገባ የተፈጥሮ ሳይንስ ወይስ የማኅበራዊ ሳይንስ እንደምትማር መርጣ፣ ወላጅ አስፈርማ በሳምንት ውስጥ መመለስ አለባት፡፡ እሷ ሕግ መማር ነው የምትፈልገው፡፡ እናቷ ደግሞ «ከክፍሏ አንደኛ የወጣች ልጅ ሐኪም ነው የምትሆነው፡፡ ይሄን የመሰለ ጭንቅላት ማኅበራዊ ገብቶ ይባክን? እኔ በሕይወት እያለሁ አይሆንም!» ብላ እስክሪብቶውን ወርውራባታለች፡፡

«ጋሼ፣ አንተ ብትነግራት ትሰማሃለች» አለችኝ፡፡

ስለ «መባከን» ከሆነማ ከኔ በላይ ማን ያውራ? በኛ ጊዜ ማትሪክ ነበር፡፡ እንግሊዝኛና ሂሳብ የግድ ገብተው የአምስት ትምህርት ውጤት ከ4 ነጥብ ይሰላል፡፡ ጥሩ አመጣሁ፡፡ ልቤ ጂኦግራፊ ላይ ነበር፤ ግን ሰፈሩ በሙሉ «ነጥብህን እንዳታባክን» ሲለኝ ኢንጂነር ልሆን ሄድኩ፡፡ የመጀመሪያው ሴሚስተር ውጤት ሲለጠፍ ብርድ ልብሴን ጠቅልዬ ወደ ቤት! አባቴ ስድስት ወር አላናገረኝም፡፡ በኋላ በማታ ትምህርት ሂሳብ አያያዝ ተምሬ ነው ሰው የሆንኩት፡፡

እና ልጅቷን አስቀምጬ ሁለቱን መንገዶች አንድ ባንድ አየናቸው፡፡ እናትና አባቶች፣ እናንተም አብራችሁ ስሙኝ፡፡

የዛሬው በር የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ነው፡፡ ከግማሽ በታች ያመጣ በቀጥታ ዩኒቨርሲቲ አይገባም፡፡ ጥር 2015 ላይ ውጤት ሲነገር ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉ ተፈታኞች ግማሹን ያለፉት 30 ሺህ አልሞሉም፤ 3.3 በመቶ መሆኑ ነው፡፡ በቀጣዩ ዓመት 3.2 በመቶ! በ2017 ፈተና ወደ 8.4 በመቶ ከፍ ቢልም አሁንም ከአሥሩ ዘጠኙ ውጭ ቀርቷል፡፡ ለጥቂት የወደቁት በማካካሻ ትምህርት፣ ሪሚዲያል በሚባለው፣ ሌላ ዕድል ያገኛሉ፡፡ እንግዲህ ልጅ ሳይወደው የሚያነበውን ትምህርት ይዞ እዚህ ፈተና ውስጥ ሲገባ አስቡት፡፡

ደግሞ ማኅበራዊ የሰነፍ መሸሸጊያ የሚመስላችሁ ካላችሁ ተሳስታችኋል፡፡ እንግሊዝኛው፣ ሂሳቡ፣ አፕቲቲዩዱ እዚያም አለ፡፡ የሚለየው ባንዱ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ፣ በሌላው ታሪክና ጂኦግራፊ መኖሩ ነው፡፡

እህቴ ያልገባት ዋናው ነገር ግን ይሄ ነው፡፡ ተፈጥሮ ሳይንስ ገባች ማለት ሐኪም ሆነች ማለት አይደለም! ከ2012 ወዲህ የመጀመሪያው ዓመት የጋራ ትምህርት ተመልሷል፡፡ ሕክምና የሚመደበው እዚያ በሚገኝ ውጤት፣ በምርጫና በቦታ ብዛት ነው፡፡ ሕግም ተፈላጊ ስለሆነ ያው ፉክክር ይጠብቃታል፤ ይሄንንም አልደበቅኳትም፡፡ ሕግ 5 ዓመት ነው፤ ኢንጂነሪንግም እንደዚያው፡፡ ሕክምና ከ6 ዓመት አያንስም፡፡ አካውንቲንግና ኢኮኖሚክስ 4 ናቸው፡፡ ከ2015 ጀምሮ ደግሞ ማንም የመውጫ ፈተና ሳያልፍ ዲግሪ አይዝም፡፡ ከዚያም በላይ ሐኪሙ የሙያ ፈቃድ ፈተና አለበት፤ ጥብቅና የሚቆመውም እንዲሁ፡፡

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አሁን የራሱን የመግቢያ ፈተና ይሰጣል፡፡ የአዲስ አበባና የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲዎችም እንዲሁ፤ እነዚህ ሁለቱ ግን የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪን ነው የሚቀበሉት፡፡ ማኅበራዊ ስትመርጥ ይሄ በር እንደሚዘጋባት ቁርጡን ነገርኳት፡፡

«ለመሆኑ ፍርድ ቤት ገብተሽ ታውቂያለሽ?» አልኳት፡፡

«በፊልም…»

በማግስቱ ይዣት ሄድኩ፡፡ ችሎት ለማንም ክፍት ነው፤ ዝም ብሎ መቀመጥ ነው፡፡ ሁለት ሰዓት ሙሉ ተቀመጥን፡፡ ጩኸት የለ፣ ድራማ የለ… ቀጠሮ፣ ቀጠሮ፣ አሁንም ቀጠሮ፡፡ እኔ እንቅልፍ ሊወስደኝ ሲል አከራይና ተከራይ ቀረቡ፡፡ አንዱ ከፍያለሁ ይላል፣ ሌላው አልተቀበልኩም ይላል፡፡ ልጅቷ ጎንተል አደረገችኝና «ጋሼ፣ ደረሰኝ ቢቀበል እኮ እዚህ አይመጣም ነበር» አለች፡፡ ስንወጣ ሰልችቷታል ብዬ ነበር፤ እሷ ግን ቀጠሮው መቼ እንደሆነ በደብተሯ ጽፋ ይዛለች!

እሑድ እህቴ ቤት ቡና ተፈላ፡፡ የነገርኳችሁን ሁሉ ነገርኳት፡፡ የኔን ብርድ ልብስም አስታወስኳት፤ ለካስ ያን ቀን አውቶቡስ መናኸሪያ ድረስ መጥታ የተቀበለችኝ እሷ ነበረች፡፡ ዝም አለች፡፡ ሦስተኛው ስኒ ላይ ወረቀቱን ተቀብላ «ማኅበራዊ» የሚለው ስር ፈረመችና ወደኔ ዞረች፡፡

«ነገ ብትቆጭ የምትጠየቀው አንተ ነህ፡፡»

«እሺ እትዬ» አልኳት፡፡